የሐሙስ ፊርማ

— ሄሎ… አቤት፣ ጋሼ። … ተዘጋ ወይስ አልተዘጋም? … እሱን ገና አላውቅም። … አይ፣ አልደበቅኩህም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። መዝገብ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ ሦስት ሰው አለ። … ዘጠኝ ተኩል ነው የሚዘጋው። … አሁን? አሁን ዘጠኝ ከአምስት።

ጠበቃዋ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ፣ ቡናማ ፋይል በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። የደወለው ታላቅ ወንድሟ ነው። እናት አባታቸውን ቀብረው ከተመለሱበት ቀን ጀምሮ ብስክሌት ላይ አፈናጦ ትምህርት ቤት እያደረሰ ያሳደጋት እሱ ነው። ዛሬ ግን ከአልጋ ወደ መስኮት ለመሄድም ሰው ይፈልጋል። ሃያ ዓመት በሠራበት ዱቄት ፋብሪካ የዕቃው ሊፍት ገመድ ተበጥሶ ከሦስተኛ ፎቅ ከነጆንያው ወርዷል። እሷ ሩቅ አገር ተምራ ስትመለስ የመጀመሪያ ደንበኛዋ እሱ ሆነ።

— ቆይ፣ ጋሼ፣ አንድ በአንድ ጠይቀኝ። … ዳኛው ያሉትንማ ባለፈው ነገርኩህ እኮ። … እሺ፣ እንደገና። ክሳችሁ ጉም ነው አሉ። … ጉም። ፋብሪካው ምን ብሎ አመለከተ መሰለህ፣ «ቸልተኛ ነህ ተብዬ ተከሰስኩ፤ በየትኛው ቀን፣ የትኛው ሠራተኛዬ፣ ምን አድርጎ ወይም ምን ሳያደርግ ቀርቶ እንደሆነ ግን አልተነገረኝም፤ ለዚህ ምን ብዬ መልስ ልስጥ?» … ዳኛውማ ተቀበሉት። ዝርዝሩ ዛሬ መስኮቱ ሳይዘጋ፣ ካንተ ቃለ መሐላ ጋር ካልገባ ክሱ ይሰረዛል። … አይ፣ ቀጠሮ አይደለም። ይሰረዛል ነው ያሉት፣ ይሰረዛል። … እንደገና መክሰስ? በሁለት ዓመት ውስጥ ነው መክሰስ የሚቻለው አላልኩህም? ከወደቅክ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነህ። ከዚህ በኋላ ብንጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

— … ጥፋቱማ የኔ ነው። … አይ፣ አትሟገትልኝ፣ ጠበቃዋ እኔ ነኝ። ያንን ክስ እኔ ነኝ የጻፍኩት። «ተከሳሹ ማድረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ሁሉ ባለማድረጉ»… ሲነበብ ደስ ይላል። የትኛውን ጥንቃቄ ብለህ ብትጠይቀኝ ግን አላውቅም ነበር። እዚያ በተማርኩበት አገር ያየሁት፣ መጀመሪያ ሰፋ አድርገህ ትከሳለህ፤ ከዚያ ተከሳሹ መሳቢያውን ከፍቶ ያለውን ወረቀት ሁሉ እንዲያሳይህ ይታዘዛል፤ ዝርዝሩን ከዚያ ነው የምትለቅመው። እዚህ መሳቢያውን የሚከፍትልህ የለም። በመጀመሪያ መሳቢያው ውስጥ ምን እንዳለ ንገረን ይሉሃል። … ሳቅ እንግዲህ። … ግድ የለም፣ ሳቅ። ከሳቅክ ስንት ጊዜህ።

— አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ። … ኧረ ይለፉ፣ እኔ ስልክ ላይ ነኝ።

— … ከኋላዬ ላሉ አንድ ሽማግሌ ተራዬን ሰጥቼ ነው። … ምን ላድርግ ታዲያ? አንተ እሺ ሳትለኝ እዚያ መስኮት ጋ ደርሼ ምን ልበላቸው?

— … የምን እሺ? እሱን ልነግርህ ነው እኮ ከጠዋት ጀምሮ ስደውልልህ የዋልኩት። አታነሳም። … ተኝተህ ነበር፣ እሺ። ስማኝ። አንድ ነገር አግኝቻለሁ። … ዛሬ፣ ቢሮ እንደገባሁ። … ከየት ይመጣል፣ ከነሱው ወረቀት ላይ ነው። ያ የፍተሻ ቅጽ ትዝ ይልሃል? ሊፍቱ በር አጠገብ በሲባጎ የሚንጠለጠለው? … እሱ። ገመዱን፣ ፍሬኑን፣ የበሩን ቁልፍ በየጠዋቱ አይተህ የምትፈርምበት። ጠበቃቸው ከማመልከቻው ጋር አያይዞታል። «ይኸው፣ ከሳሹ በወደቀበት ረቡዕ ጠዋት ራሱ ፈትሾ ደህና ነው ብሎ ፈርሟል፤ ታዲያ ምን ዝርዝር ሊያቀርብ ነው?» ይላል። … አዎ፣ ያንተው ፊርማ ነው። አታውቂውም ልትለኝ ነው? የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ ስትፈርም ነው ያደግኩት።

— … ቆይ፣ አልጨረስኩም። ያቺን ረቡዕ ስንት ጊዜ አየኋት መሰለህ። በጣቴ ሁሉ ደባብሻታለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ዓይኔ አንድ መስመር ዝቅ አለ። ጋሼ፣ ሐሙስም ፈርመሃል። … ሐሙስ። አርብም። ቅዳሜም። … ሐሙስ የት ነበርክ? … እኔ አውቃለሁ፣ አንተ ንገረኝ እንጂ። … ሆስፒታል። እግርህ በብረት ተሰቅሎ። ስምህን ሲጠይቁህ የኔን ስም ነበር የምትጠራላቸው። እና ሐሙስ ጠዋት ከዚያ አልጋ ተነስተህ ፋብሪካ ሄድክና የሊፍት ገመድ ፈትሸህ፣ ደህና ነው ብለህ ፈረምክ። … እንዴት ሆኖ?

ከወንድሟ በስተኋላ የመኪና ጥሩምባ ሰማች። መስኮቱ አጠገብ ነው ማለት ነው። ከአራተኛ ፎቅ ወደ ታች እያየ ይውላል።

— … አዎ። … አዎ፣ የገመትኩትም እሱን ነው። … ሰኞ ጠዋት። የስድስቱን ቀን ባንዴ። … ሁላችሁም? … የማታ ፈረቃውም። … «ሰኞን ፈርመህ ቅዳሜን ተገላገል»። ማነው እንዲህ የሚላችሁ? … ሽቦ። ማን ሊል ኖሯል ሌላ።

ሽቦ የፎቁ ፎርማን ነው። ቁመቱ ረዝሞ ሥጋ ስላልተረፈው ሠራተኞቹ ያወጡለት ስም ነው፤ ደመወዙን እንኳ በዚሁ ስም ተጠርቶ ነው የሚቀበለው ይባላል።

— … ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም? … «አልጠየቅሽኝማ»። … እውነትህን ነው። ገመዱን ጠየቅኩህ፣ ፎቁን ጠየቅኩህ፣ ጆንያው ስንት ነበር ብዬ ጠየቅኩህ። ቅጹ ትዝም አላለኝ። ላንተ ደግሞ እጅ እንደ መታጠብ ነው፤ ማን እጄን ታጠብኩ ብሎ ያወራል።

— ግን ጋሼ፣ ይሄ እኮ ነው ዝርዝሩ። ዳኛው ቀን አምጪ አሉኝ፣ ቀን አለው። ሰው አምጪ አሉኝ፣ ሰው አለው። ምን ተደረገ አሉኝ… «ፎርማኑ ሠራተኞቹን ያላዩትን አየን ብለው ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን እንዲፈርሙ ያደርግ ነበር። በዚያ ሳምንት ገመዱን ያየ ሰው የለም።» አለቀ። ማስረጃው ደግሞ ራሳቸው ያቀረቡት ወረቀት። በእግራቸው መጥተው ነው ያቀበሉን። ጽፌዋለሁ። አሥር ገጽ። እጄ ላይ ነው። … አዎ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የጻፍኩት፣ ምሳም አልበላሁም። … አይሆንም? … ምኑ ነው የማይሆነው?

— … እሷ ደግሞ ምን አገባት?

ይህን እንዳለች ራሷ መልሱን አወቀችው። ወንድሟ አንዲት ልጅ አለችው። እሱ በወደቀ በአራተኛው ወር ሽቦ ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ መጣ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ቆየና «የአባትሽ ቦታ ላንቺ ነው» ብሎ ልጅቷን ፋብሪካ አስገባት። ሊፍቱን አሁን የምትነዳው እሷ ናት። ቤቱም የሚተዳደረው በእሷ ነው።

— … ገባኝ። ቅጹን አሁን የምትፈርመው እሷ ናት። … ሰኞ ሰኞ። … እስከ ቅዳሜ። … ቆይ፣ ዛሬስ ሰኞ አይደል? … ፈርማለች። … ምንም አልሆንኩም። ፋይሉ ሊወድቅብኝ ነበር።

— አንቺም እለፊ፣ እህት። ሕፃን ይዘሽ አትቁሚ። … አዎ፣ ተራው የኔ ነበር፣ እለፊ።

— … አልዋሽህም፣ ያባርሯታል። ስሟን ባልጠራውም ያባርሯታል። «አባቷ ከሰሰን» አይሉም፤ «ያላየችውን ፈረመች» ብለው ነው የሚያባርሯት። … ሌሎቹም፣ አዎ። ቅዳሜ እየመጡ ካርታ የሚጫወቱልህም አይመጡ ይሆናል። … አውቃለሁ። … ይሄን ሁሉ ጠዋት አስቤዋለሁ። ግን ጋሼ፣ ገመዱስ? … ተቀይሯል? ማን አለህ? … ሽቦ። … አንተ አላየኸው። እሷስ አይታዋለች? … ምን አለችህ?

— … ያው የድሮው ነው። … የተበጠሰውን ጫፍ ቆርጠው፣ የቀረውን በብሎን አጥብቀው። … ራሷ ናት የነገረችህ። መቼ? … እና ይሄን ሰምተህ ትተኛለህ? … ምን? … አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ። … ጆንያውን በሊፍት ትሰዳለች፣ እሷ በደረጃ ትወጣለች። … በቀን ስንት ጊዜ? … አርባ። ሦስት ፎቅ፣ አርባ ጊዜ። … አልሳቅኩም። ብልህ ልጅ ናት። ግን ከታች የሚጭኑት ሰዎችስ? ሊፍቱ ሥር አይደለም የሚቆሙት? እነሱ በየት በኩል ይውጡ?

— … «ዝም አይነቅዝም»። … እንዴ፣ ሃያ ዓመት ዱቄት ፋብሪካ የሠራ ሰው የማይነቅዝ ነገር አለ ይለኛል። ይነቅዛል፣ ጋሼ። እያየነው ነው የነቀዘው።

— … ለሽቦማ እኔም አዘንኩ። ምን ልበልህ፣ ስለሱ ስጽፍ እጄ ስንት ጊዜ ቆመ። ክፉ ሰው ነው ብዬ ልጽፍ እፈልጋለሁ፣ ያ አልጋህ ላይ ያለቀሰው ልቅሶ አይለቀኝም። ከሱ በላይም «ቅጹ ሞልቷል ወይ?» የሚለው አለ። ለዚያም ከበላዩ አለው። ገመዱን የሚያይ ነው የጠፋው እንጂ ወረቀቱን የሚያይማ ሞልቷል። … ግን ለእሷ ሥራ ሲሰጣት አንተ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ሆነሃል። … ገደሉንም አይተኸዋል። እሺ። አይተኸው ነው ያስገባሃት። … ይቅርታ። … ይቅርታ አልኩህ እኮ። ምን ምርጫ ነበረህ።

— … ምድር ቤት ክፍል አይደለም እንዴ የምትፈልገው? በዚህ ክስ ያሰብነው እሱን አልነበረም? በራስህ እጅ ወንበርህን እየገፋህ በር ከፍተህ ልትወጣ? … «መስኮቱን ለምጄዋለሁ»። … አንተማ ለምደኸዋል።

ከፊቷ ሕፃን የያዘችው ሴት ጉዳይዋን ጨርሳ ሄደች። መዝጋቢዋ ማህተሙን ቀለም ላይ አሳርፋ ትመታለች፤ ጧ ባለ ቁጥር ጠበቃዋ ትሰማዋለች። ከኋላዋ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።

— … የቱ ፊርማ? … አዎ፣ እሱ አለኝ። … ባለፈው ሰኞ ባዶውን ገጽ የፈረምክልኝ። … እኔው ነኛ ያስፈረምኩህ። አራት ፎቅ በጀርባ ተሸክመው ከሚያወርዱህ ብዬ፣ «አሁን ፈርምልኝ፣ ከላይ ያለውን እኔ እሞላዋለሁ» አልኩህ። … አውቃለሁ። … አውቃለሁ አልኩህ፣ ጋሼ። ቃለ መሐላህ እጄ ላይ ተፈርሞ አለ። አንተ እሺ ሳትል አሁን መስኮቱ ላይ ባስቀምጠው ማንም ምንም አይለኝም። ማህተሙን ትመታለች፣ ክሱ አይሰረዝም። … ምን አልክ?

— … «አንቺም ሽቦ ሆንሽብኝ»።

ፋይሉን ገለጥ አድርጋ የመጨረሻውን ገጽ አየችው። ከዚያ ቅጹን አየች። ያቺው ፊርማ ናት፤ ጭራዋ ወደ ላይ የተጠመዘዘ፣ ካርዷ ላይ እያየቻት ያደገችው። አንዷ ላልታየ ገመድ የተፈረመች ናት፤ አንዷ ላልተጻፈ ቃል። ሁለቱንም ሰኞ ነው የፈረማቸው። ሁለተኛዋን ያስፈረመችው ራሷ ናት፣ እሱን ለማሳረፍ ብላ።

— … አለሁ። … አልሰጠውም። አንተ እሺ ካላልክ አልሰጠውም፣ ቃሌ ነው። … ተመስገን አትበል። ለዚህ ተመስገን አይባልም።

— አቤት? … አዎ፣ እትዬ፣ የማስገባው አለኝ። ወንድሜን እያነጋገርኩ ነው። … እኝህ ይቅደሙ፣ ግድ የለም። … ስምንት ደቂቃ? ስምንት ደቂቃ ይበቃኛል። … አይ፣ ሹራብዎን አይልበሱብኝ ገና።

— … መዝጋቢዋ ናቸው። … ጥሩ ሴት ናቸው፣ ግን ቀን ማራዘም አይችሉም፣ ዳኛ አይደሉ። … ጋሼ፣ ትሰማኛለህ? አንድ ነገር ልበልህና ልተወው። ራሷን እንጠይቃት። … ልጅህን። … የምትባረረው እሷ፣ ደረጃ የምትወጣው እሷ፣ ሰኞ የምትፈርመው እሷ። እኔና አንተ ምን ሆነን ነው የምንወስንላት? … አታውቅም? ዛሬ ቀኑ መሆኑን አልነገርካትም? … ለምን?

— … ከጠየቅናት እሺ ስለምትል ነው። … አየህ። ስለምታውቃት ነው የማትጠይቃት። … አዎ፣ አንተን ትመስላለች። … ስንት ሰዓት ነው ከሥራ የምትወጣው? … ዘጠኝ። ታዲያ መንገድ ላይ ናት እኮ አሁን። … ምን? … ደረጃው ላይ? እሷ መሆኗን በምን አወቅክ? … በእርምጃዋ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም ትላለች። … ጋሼ፣ ስልኩን ስጣት። አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቃት፣ አንድ። አልጎተጉታትም። … ለምን ታንሾካሹካለህ? … ጋሼ፣ ከፊቴ ማንም የለም፣ ጨርሰዋል ሁሉም። … አትዝጋው። በሩ ነው የተከፈተው? … ደህና ዋልክ ስትልህ እሰማታለሁ እኮ። … ጋሼ? … ሄሎ? … ሄሎ?

ተዘግቷል። መልሳ ደወለች፤ ጠርቶ ጠርቶ አልተነሳም። ደግማ ደወለች፤ አልተነሳም። መስኮቱ ውስጥ መዝጋቢዋ ሹራቧን ለብሳ ጨርሳ፣ እስኪርቢቶዎቿን በቆርቆሮ ውስጥ ሰበሰበች። ከዚያ የቀን ማህተሙን አነሳችና በአውራ ጣቷ ጎማውን አንድ ጥርስ ወደፊት አዞረችው። ጠዋት እንዳትቸገር ማክሰኞን ከአሁኑ አዘጋጅታ ማስቀመጧ ነው፤ በየቀኑ እንዲሁ ታደርጋለች። ጠበቃዋ የመዝጋቢዋን አውራ ጣት እያየች ቆመች።

«አለሽ የምታስገቢው፣ ልጄ?» አለቻት፣ እጇን የመስኮቱ መዝጊያ ላይ አድርጋ።

ጠበቃዋ ፋይሉን እንዳቀፈች በአንድ እጇ ጻፈች።

«ጋሼ፣ ሦስት ደቂቃ አለኝ። ልስጠው? እሺ በለኝ። እምቢም ከሆነ እምቢ በል። ዝም ብቻ አትበለኝ።»

ላከችው። መልእክቱ መድረሱን የሚያሳየው ምልክት መጣ። ትንሽ ቆይቶ መነበቡን የሚያሳየው መጣ። መዝጋቢዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ ጠበቃዋን አየች፣ ሦስቱን ደቂቃ ሙሉውን ጠበቀችላት። ከዚያ መዝጊያውን አወረደችው።

ሰኞ መልስ አልመጣም። ማክሰኞ አልመጣም፣ ረቡዕ አልመጣም። ሐሙስም አልመጣም።